ያለቀውን ብቻ ይስጠኝ

ኤሌኒ ትልቁን ስህተቷን የሠራችው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ አይደለም፤ ሽማግሌዎች ፊት ቆማ ነው። ስህተቱም አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «የሱን ጽሑፍ ማየት አልፈልግም፤ ያለቀውን ብቻ ይስጠኝ።»

ነገሩ የፍቺ ነው። ኤሌኒና ዘመኑ አብረው ኮምፒውተር ተምረው፣ ደብረ ታቦር ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው የኮምፒውተር ቤት የከፈቱ ባልና ሚስት ነበሩ። የዕለት እንጀራቸው ማመልከቻ መተየብና ፎቶ ኮፒ ማንሳት ነው፤ ልባቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሁለቱም ከጉና ተራራ ሥር ካለችው ከገሳይ የመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው። የጉና ውርጭ ባንድ ሌሊት የድንቹን ቅጠል አጥቁሮ፣ እሸቱን ገብስ አመድ አስመስሎ ሲያድር እያዩ ነው ያደጉት። ስለዚህ ውርጭን አስቀድሞ የሚናገር ፕሮግራም ሠሩ። በገሳይ ዙሪያ ሦስት ማሳ ላይ ሙቀትና እርጥበት የሚለኩ፣ ሲም ካርድ የገባባቸው ትናንሽ ሳጥኖች በእንጨት ላይ ሰቀሉ። ሳጥኖቹ የለኩትን በአጭር የስልክ መልእክት ወደ ሱቁ ኮምፒውተር ይልካሉ፤ ኮምፒውተሩ ያሰላል፤ ውርጭ የሚጥል ከሆነ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ለሁለት መቶ ገበሬ «ዛሬ ውርጭ ይጥላል» የሚል መልእክት ይሄዳል። ገበሬውም ውሃ ያለው ያጠጣል፣ የሌለው እርጥብ ጭድ አዘጋጅቶ ያጨሳል።

ሥራውን ለሁለት ተካፍለውት ነበር። ስልኩና መልእክቱ፣ ስክሪን ላይ የሚታየውም ሁሉ የሷ ነው፤ ስሌቱ የሱ ነው። ዘመኑ የስሌቱን ክፍል ይጽፍና ኮምፓይል ያደርገዋል፤ ማለትም ሰው የጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚመልሰው ፕሮግራም፣ በኮምፓይለሩ፣ ያሳልፈዋል። ከዚያ የሚወጣውን፣ ላይብረሪ የሚሉትን አንድ የታሸገ ፋይል፣ ለኤሌኒ ይሰጣታል። እሷ ከራሷ ክፍል ጋር ታያይዘዋለች። ሰው ሊያነበው የሚችለው የመጀመሪያውን ጽሑፍ፣ ሶርስ ኮዱን ነው፤ ላይብረሪውን የሚያነበው ማሽን ብቻ ነው።

ዘመኑ ደግሞ አንድ አመል ነበረው። ሶርስ ኮድ ውስጥ ለሰው ተብሎ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ማሽኑ አይፈልገውም፤ ኮምፓይለሩም አራግፎ ይጥለዋል። ሌላው ባለሙያ እዚያ ላይ «ይህ የእርጥበት ስሌት ነው» ብሎ ያልፋል። ዘመኑ ግን «ኤሌኒ፣ ይችን መስመር እንዳትነኪያት፤ ሻይሽን ጠጪ» ብሎ ይጽፋል። አንዳንዴም «ትናንት የተቆጣሽኝ በምን ነበር?» ይላል። ሶርስ ኮዱ በጋራ ኮምፒውተራቸው ስለሚቀመጥ ኤሌኒም እየከፈተች ታነበዋለች። በአፉ የማይለውን በጣቱ ነው የሚለው። ዝምተኛ መሆን ያለ ነው፤ የሱ ዝምታ ግን ልክ አልነበረውም።

ፕሮግራሙ በተጀመረበት ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ማሬ አሏት። ዘመኑም ዋናውን ስሌት በልጁ ስም ጠራው። የኤሌኒ ክፍል ውርጭ መኖር አለመኖሩን ሲፈልግ ማሬን ይጠራል፤ ማሬ ትመልሳለች። ሁለቱም በዚህ ብዙ ሳቁ። ማሬ በዓመት ከሁለት ወሯ የሳምባ ምች ይዟት በአራተኛው ቀን ሞተች።

በለቅሶው ኤሌኒ ፊቷን ነጨች፤ ወደቀች፤ ሰው ደግፎ አነሣት። ዘመኑ አንዲት እንባ አልወጣውም። ሰልስቱ እንደወጣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ተቀመጠ፤ አርባዋ እስኪወጣ ድረስም ሲተይብ ይውላል። ለቀስተኛ ሲገባ ይነሣል፣ ሲወጣ ተመልሶ ይቀመጣል። ኤሌኒ አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ የጣቶቹን ድምፅ ትሰማለች። ልጁ ሞታበት ሥራ የሚሠራ አባት! ምን እየጻፈ እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም። ልቧ በዚያው ደነደነ። ከሰባት ወር በኋላ ተፋቱ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የሽማግሌዎቹ አውራ አያ ሙላቴ ነበሩ፤ አርባ ዓመት ሙሉ በሬና መሬት ሲያካፍሉ የኖሩ፣ ፍርዳቸው የማይነቀፍ ሰው። የሁለቱም የነፍስ አባት ቄስ ፈንታሁንም አሉ። ሱቁ ለኤሌኒ፣ ገሳይ ያለው መሬት ለዘመኑ ተባለ። ፕሮግራሙ ላይ ሲደርሱ ዘመኑ «ሁሉንም ትውሰደው። የጻፍኩትንም እሰጣታለሁ» አለ። ኤሌኒም ያንን ማሽሟጠጫውን፣ ያንን «ሻይሽን ጠጪ» የሚለውን፣ በየመስመሩ እያነበበች ልትኖር ነው ማለት ነው። ገና ስታስበው አንገሸገሻት። ያን ጊዜ ነው ያንን ዓረፍተ ነገር የተናገረችው።

አያ ሙላቴ ስለ ሶርስ ኮድና ስለ ላይብረሪ የሚያውቁት የለም፤ ስለ መስጠት ግን ያውቃሉ። «ሰጠሁ ብሎ በጓሮ የሚያስቀር ሰው ሰጪ አይባልም። በሬው ከበረትህ ወጥቶ እሷ በረት ከገባ፣ ያንተ በረት ባዶ መሆን አለበት። በእጅህ ምንም እንዳይቀር» አሉ። ኤሌኒ አልበቃትም። «ነገ ደግሞ አስተካክላለሁ እያለ ደጄን እንዳይረግጥ ይገዘትልኝ» አለች። ቄስ ፈንታሁን ሁለት ጊዜ «ይቅርብሽ ልጄ» አሏት። እምቢ ስትላቸው መስቀላቸውን አወጡና በጴጥሮስ በጳውሎስ ገዘቱ፤ ዘመኑ በዚያ ሥራ እጁን እንዳያስገባ፣ እሷም ስለዚያ ሥራ እንዳትጠይቀው። ዘመኑ የታሸገውን ፋይል በፍላሽ ሰጥቷት ገሳይ ገባ። ዓመት ሳይሞላውም አልማዝ የምትባል አስተማሪ አገባ።

ኤሌኒ ሁለት ዓመት ብቻዋን ሠራች። ፕሮግራሙ አላሳፈራትም። በየጥቅምቱ ማሬን ይጠራል፣ ማሬ ትመልሳለች፣ ገበሬው ማሳውን ያድናል። ኤሌኒ ለማንም አልተናገረችም እንጂ ጠዋት የምትነሣው ለዚህ ነበር። ከዚያች ልጅና ከዚያ ቤት የተረፋት ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ እሱ ካለ ሁሉም ነገር ከንቱ አልሆነም ማለት ነው።

ዘንድሮ መስከረም ሊያልቅ ሲል መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ ሲመለስ ኃይሉን ጨምሮ መጣና ኮምፒውተሩን አቃጠለው። የኤሌኒ ክፍልና የዘመኑ ላይብረሪ በፍላሽ ነበሩ፤ ተረፉ። የተያያዘው ሙሉ ፕሮግራምና የድሮው ኮምፓይለር ግን ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው ሄዱ። እንዳታወርደው ኢንተርኔት ከጠፋ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። አብሯት የተማረው ይሻው ያገለገለ ኮምፒውተርና በእጁ የነበረውን ሌላ ኮምፓይለር ሰጣት። ኤሌኒ የራሷን ክፍል በአዲሱ ኮምፓይለር አሳለፈች፤ እንከን አልነበረውም። ከላይብረሪው ጋር ልታያይዘው ስትል ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ። ማሬ የሚባል አልተገኘም ይላል።

ፋይሉ እዚያው አለ። ኤሌኒ ከፍታ አየችው፤ የውስጡ ባይነበብም ስሞቹ ይታያሉ፤ ማሬም አለች። ግን እያንዳንዱ ኮምፓይለር ስም የሚጽፍበት የራሱ ወግ አለው። የድሮው ከስሙ ፊት የጥያቄ ምልክት ከኋላው ሌላ ጭራ ይቀጥልበታል፤ አዲሱ ሌላ ፊደልና ቁጥር ይለጥፍበታል። ስለዚህ አዲሱ በራሱ አጻጻፍ ይፈልጋታል፣ ያጣታል፣ የለችም ይላል። ኤሌኒ በቀን ሃያ ጊዜ ትሞክራለች፤ በቀን ሃያ ጊዜ ማሬ የለችም ትባላለች። ሥራ ነው ብላ ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች።

በዘጠነኛው ቀን ስሞቹን በግድ አስማማቻቸው። ፕሮግራሙ ተነሣ። ኤሌኒ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የገሳይን ልኬት ሰጥታ ማሬን ጠራች፤ ማሬም ከዜሮ በታች አራት ሚሊዮን ዲግሪ ነው ብላ መለሰች። ወዲያው ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ስሙ ብቻ አይደለም እኮ» አላት ይሻው፣ ወንበር ስቦ አጠገቧ እየተቀመጠ። «አንዱ ኮምፓይለር ቁጥሮቹን በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ላይ የሚደረድርበት ቅደም ተከተል ሌላ፣ የሌላው ሌላ። አንዱ ቤት ከምግብ በኋላ ማዕዱን የሚያነሣው ጠሪው ነው፣ ሌላው ቤት ተጠርቶ የመጣው እንግዳ ነው። ሁለቱን ስታገናኚያቸው ወይ ሁለቱም ያነሣሉ ወይ ማንም አያነሣም።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ሶርስ ኮዱ ካለሽ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በአዲሱ ኮምፓይለር እንደገና ማሳለፍ ብቻ። ከሌለሽ ይኼን በመቀጥቀጥ ዕድሜሽን አትጨርሺ።»

ኤሌኒ ስሌቱን ራሷ እንዳትጽፈው ዘመኑ የሁለት ዓመት የጉናን ብርድና ነፋስ ቀን በቀን እየመዘነ ያስማማው ነው፤ እሷ ስልክና ስክሪን እንጂ ያንን አታውቅም። ጥቅምትም እየገፋ ነው። አንድ ከሰዓት ስልኳ ጮኸ። ገሳይ ያሉ አያሌው የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ በአካል አይተዋወቁም፣ በመልእክቱ ብቻ ነው የሚያውቋት።

«ልጄ፣ ዘንድሮ መልእክት የለም ወይ? ሰማዩ ጠርቷል፤ ፈራሁ።»

«ትንሽ ብልሽት አጋጥሞን ነው አባቴ። ይደርሳል።»

ስልኩን ስትዘጋ አፈረች። ይደርሳል ያለችው በምን እጇ ነው? በማግስቱ ነጠላዋን ለብሳ በጋፋት በኩል በእግር መንገዱ ወርዳ ቄስ ፈንታሁን ቤት ሄደች።

«አባቴ፣ ግዝቱን ይፍቱልኝ።»

«ይቅርብሽ ብዬሽ አልነበር?»

«ብለውኝ ነበር።»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እፈታዋለሁም። ግን ሁለታችሁ ቆማችሁ ነው። አያ ሙላቴም ይኑሩ፤ ምስክር ናቸው። ለዘመኑ እኔ እልክበታለሁ።»

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከዋርካው ሥር ተገናኙ። ዘመኑ ከገሳይ በጠዋት ሚኒባስ መጥቷል። ከሳ ብሏል። ሚስቱ አልማዝ ሕፃን አዝላ አጥሩ ዘንድ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ኤሌኒ እንደ ወጉ ሄዳ ሳመቻት፤ ሕፃኑንም ባርካ ተመለሰች። ይህን እንዴት እንዳደረገችው እሷ ናት የምታውቀው። ቄስ ፈንታሁን ጸሎት አድርሰው፣ ሁለቱንም መስቀል አሳልመው «እግዚአብሔር ይፍታችሁ፤ ከእንግዲህ ተነጋገሩ» አሉ።

ኤሌኒ ሳትንተባተብ ለመናገር በመንገዱ ሁሉ ስትለማመድ ነው የመጣችው። «ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። ያንተ ላይብረሪ ካዲሱ ኮምፓይለር ጋር አልግባባ አለ። ሶርስ ኮዱን ስጠኝ። ያን ጊዜ አልፈልግም ያልኩት ተሳስቼ ነው።»

ዘመኑ መሬት መሬት አየ። «የለኝም» አለ።

«እንዴት የለህም?»

«አጠፋሁት። በዚያው በተካፈልንበት ቀን።»

«ቅጂውስ?»

«ቅጂውንም። ፍላሽ ላይ የነበረውንም፣ ስልኬ ላይ የነበረውንም። በእጅህ ምንም እንዳይቀር አሉኝ፤ ተገዝቼ እንዴት አስቀራለሁ? አያ ሙላቴ ባሉበት ነው አንድ በአንድ ያጠፋሁት።»

አያ ሙላቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከአንዱ ወደ አንዱ ያያሉ። «አዎ፣ አጠገቡ ነበርኩ። እኔ ምን አውቄ! እሷ ዘንድ የሄደው ያው መስሎኝ ነው። ከዚያ ሲጠፋ እዚያ መኖሩን እንጂ… ያው አልነበረም ወይ?»

«ያው አልነበረም አያ ሙላቴ» አለች ኤሌኒ። ልትቆጣቸው አልቻለችም። እሳቸው ያሉት በበሬና በመሬት ቢሆን ኖሮ የሚነቀፍ አልነበረም። ያለቀውን ብቻ ያለችው እሷ ናት፤ ይገዘትልኝ ያለችውም እሷው።

ሽማግሌውና ቄሱ ፈንጠር ብለው ቆሙ። ዘመኑ እንዳቀረቀረ «ስሌቱን እንደገና እጽፈዋለሁ» አለ። «ልኬቶቹ ወረቀት ላይ አሉኝ። ወር ቢፈጅብኝ ነው። የዚህን ሳምንት ውርጭ አልደርስበትም እንጂ ከነሶርስ ኮዱ እልክልሻለሁ። ሌላውን ግን ልመልሰው አልችልም።»

«ሌላው ምንድን ነው?»

ያ ዝምታው መጣ ብላ ልትሄድ ስትል ተናገረ።

«ማስታወሻው ነዋ። ለማሬ የጻፍኩት። ያን አርባ ቀን ሥራ የምሠራ መስሎሽ ነበር፤ አንዲት መስመር አልሠራሁም። በስሟ ከጠራሁት ስሌት ሥር ለሷ ነበር የምጽፍላት። ሰው ፊት ማልቀስ አልሆንልህ አለኝ። ምን ላድርግ? አንች ልታነቢው ትችያለሽ ብዬ ነበር። ሥራ ስትጀምሪ ትከፍችዋለሽ፣ ታገኝዋለሽ ብዬ ጠበቅሁ። አልከፈትሽውም።»

ኤሌኒ ከዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ፍላሹ አለ፤ ዘጠኝ ቀን ስትቀጠቅጠው የሰነበተችው። በውስጡ የዚያ አርባ ቀን አንዲት ቃል እንደሌለች ከማንም በላይ ታውቃለች። ለማሽን የማይጠቅመውን ኮምፓይለሩ አራግፎ ነው የሚያወጣው። እሷ የመረጠችውም እሱን ነው።

«ምን ብለህ ነበር የጻፍክላት?»

«ብዙ ነው። ረስቼዋለሁ።»

«አንዱን እንኳ ንገረኝ። ዘመኑ፣ በማርያም።»

ዘመኑ ወደ አጥሩ፣ ወደ ሚስቱ፣ ከዚያም ወደ መሬቱ አየ። «የመጀመሪያውን አልረሳሁትም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማሬ፣ ዛሬ እናትሽ ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣች፤ እህል ግን አልቀመሰችም። ነገ እሞክራለሁ። እንዲህ ነበር። የቀረውም ያው ነው። ስላንች ነበር የምነግራት።»

ኤሌኒ እዚያው በሰው ፊት አለቀሰች። በለቅሶው ቀን እንዲህ አላለቀሰችም። ዘመኑ አንድ እርምጃ ቀረበና ቆመ፤ እጁንም ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። የሰው ባል ነው፤ ሚስቱ ተቀምጣ ታያለች። ቄስ ፈንታሁን መጥተው ክንዷን ይዘው አስነሷት።

በዚያው ሳምንት ውርጩ ጣለ። መልእክት የሚልክ አልነበረም፤ በገሳይ የብዙ ሰው ድንች ጠቆረ። ኤሌኒ የሚደውሉላትን ሁሉ እያነሣች ይቅርታ ጠየቀች። አያሌውም ደወሉ፤ የታችኛው ማሳቸው ሄዷል፤ የላይኛው ገና አለ። አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ኅዳር ሲጋመስ የገሳይ ሚኒባስ ሹፌር በወረቀት የተጠቀለለ ፍላሽ ሱቋ ድረስ አመጣላት። ዘመኑ ቃሉን ጠብቋል። ኤሌኒ በሩን ገርበብ አድርጋ ፋይሉን ከፈተች፤ ስሌቱን ሳታይ መጀመሪያ ማስታወሻዎቹን ፈለገች። ይህ የእርጥበት ስሌት ነው ይላል። ይህ የነፋስ ስሌት ነው። ይህ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ነው። ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ወጣች፤ ሦስት ጊዜ ወረደች። ሌላ ቃል የለም። ዋናውም ስሌት ስሙ የውርጭ ስሌት ሆኗል። ባለትዳር ሰው ለቀድሞ ሚስቱ እንዲህ አድርጎ መጻፍ ይገባዋል፤ ደግ አድርጓል። ኤሌኒ ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረች፤ አልጠቀማትም።

በአዲሱ ኮምፓይለር አሳለፈችው፤ ከራሷ ክፍል ጋር አያያዘችው። ስክሪኑ «ስህተት ዜሮ» አለ። የሦስቱን ሳጥኖች ልኬት ሰጠችው፤ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ብሎ በትክክል መለሰ። በዘጠኝ ሰዓት መልእክቱ ለሁለት መቶው ሰው ሄደ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አያሌው ደወሉ። በስተጀርባቸው የሰው ጫጫታና የልጆች ሳቅ ይሰማል።

«ተረፈልኝ ልጄ! የላይኛው ተረፈ! ስናጨስ አመሸን፣ ስናጨስ አደርን፤ አንድ ቅጠል አልነካውም። የጎረቤቴም ተረፈ።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ አለዎት አባቴ።»

«ምን እከፍልሻለሁ እኔ? እሱ ይክፈልሽ። እግዜር ልጆችሽን ያሳድግልሽ።»

ኤሌኒ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችው፤ መልሳም አስጠጋችው።

«አሜን» አለች።